በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠ መድኃኒት

ጋሽ ሜትር እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ፣ አንድ ጊዜም ለቀብር ከነሜትራቸው ሄደው «ሟቹን ሊለኩ መጡ» ተብሎ ስለተሳቀባቸው፣ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። እሳቸውም ስቀው ተቀብለውታል። የማይቀበሉት ነገር ቢኖር በዕድሜ የሚያንሳቸው ሰው ስለ ጥንቃቄ ሲነግራቸው ነው። በሱቃቸው ውስጥ ክሩ በቀለሙ፣ መርፌው በቁመቱ፣ የልብሱ ቁልፍ በመልኩ ተለይቶ የተቀመጠ ስለሆነ «እኔን ጥንቃቄ የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም» ይሉ ነበር። ይህን ታሪክ እንድንናገር ያስገደደንም ይኸው አባባላቸው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት የሱቁን የመስታወት በር ገፋ አድርጋ ገባች። ከመንገዱ ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች ፋርማሲስት ናት። የነጭ ጋውኗ የላይኛው ቁልፍ በአውቶቡስ ግፊያ ተበጥሶ ወድቆባታል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ሥራ ልገባ ነው። አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት፤ ቆሜ ልጠብቅዎት?»

«ምን በወጣሽ ትቆሚያለሽ፣ ወንበር ሞልቶ!» አሉ ጋሽ ሜትር። ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሱ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውርደው ፊቷ አስቀመጡ። «ከነጩ የሚስማማሽን መርጠሽ አውጪ።»

ልጅቱ ክዳኑን ከፈተች። ነጩም፣ ቢጫውም፣ ፈዛዛ ሰማያዊውም እንደ ጉድ ተሞልቷል። ነገር ግን አንዱም ቀዳዳ የለውም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁልፍ አይደለም። ክኒን ነው።»

«ውይ! የቁልፉ ያኛው ነው» ብለው ሳቁና ሌላውን ቆርቆሮ አውርደው ጋውኗን ተቀበሉ። «ሁለቱም የአንድ ዓይነት ብስኩት ስለሆኑ አንዳንዴ እንዲህ ያሳስቱኛል። ይሄኛው የባለቤቴ ነው።»

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ክዳኑን እንደያዘች ቀረች።

«መያዣቸው የታለ? ስማቸው የተጻፈበት ካርቶን?»

«እሱማ ቆሻሻ ነው፤ ያን ሁሉ ወረቀት የት አደርገዋለሁ? መድኃኒቱን ካመጣሁ በኋላ አንድ በአንድ ፈልፍዬ እዚህ እጨምረዋለሁ። በመልኩ አውቀዋለሁ። ቢጫዋ የደም ግፊት ናት። ትልቋ ነጭ የልብ፣ ትንሿ ነጭ የስኳር። ሰማያዊዋ ደግሞ በቅርቡ የተጨመረች ናት።»

«ሰማያዊዋ ለምን ታዘዘች?»

«ለስኳርም ሊሆን ይችላል። እሱን እንግዲህ ሐኪሙ ያውቃል።»

«ሐኪሙ ጨምሬያለሁ ብሎ ነገረዎት?»

«አልነገረኝም። ከእናንተው መድኃኒት ቤት ሄጄ ወረቀቱን ሰጠሁ፣ ሰጡኝ፣ ይዤ መጣሁ። አንቺ ልጅ፣ ቁልፍ ልታስተክዪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትመረምሪኝ?»

ነገሩን በቀልድ መልክ ይናገሩት እንጂ ቆሽታቸው ማረር ጀምሯል። ልጅቱም ገብቷታል። ሆኖም ሙያዋ ዝም አላሰኛትም።

«አይቆጡኝ፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝ። መድኃኒት እንደ ቁልፍ በመልክ አይታወቅም። አንዱን መድኃኒት አንዱ ፋብሪካ ነጭ አድርጎ ይሠራዋል፣ ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል። ሁለት ፍጹም የማይገናኙ መድኃኒቶች ደግሞ አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። የሚለያቸው የተጻፈው ስም ነው፤ እርስዎ ደግሞ ስሙን ጣሉት።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ደንበኛ ቁልፌ ተዛነፈብኝ ብሎ አያውቅም!»

«ቁልፍ ቢዛነፍ ሰው አይጎዳም፣ ጋሼ።»

ይህች መልስ ሽማግሌውን ክፉኛ አስከፋቻቸው። እውነት ስለነበረች ይሆን? በዚያች ሰዓት ቢጠየቁ ኖሮ የልጅቱ አፍ ነው ያስከፋኝ ይሉ ነበር። መርፌያቸውን ወግተው ሊመልሱላት ሲሉ፣ ሱቁን ከመኝታ ቤቱ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ወንድሜ፣ መጣህ?»

ጋሽ ሜትር አንገታቸውን ደፉ። ባለቤታቸው ናቸው። ወንድማቸው ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«አለሁ፣ ተኚ!» አሉ ወደ መጋረጃው። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዲህ ሆናልሻለች። ሰው አትለይም። የሚገርምሽ፣ የዛሬ ሁለት ወር የጎረቤቱን ሁሉ ልደት ቀን በቃሏ ታውቅ ነበር። እርጅና ነው፤ ለዚህ ደግሞ እናንተም መድኃኒት የላችሁም።»

«ጠዋት ጠዋት ያልባቸዋል?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ማን ነገረሽ?»

«ይንቀጠቀጣሉ? ከበሉ በኋላስ ሻል ይላቸዋል?»

«ሻል ይላታል። ግን ምግቡም እየዘጋት ነው። ሰማያዊዋ አትስማማኝም ትለኛለች። እኔ ደግሞ የታዘዘ ነው፣ ዋጪው እላታለሁ፤ አምናኝ ትውጠዋለች።»

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ይሄ እርጅና ላይሆን ይችላል። ስኳራቸው ከልክ በታች እየወረደ ይመስለኛል። አሁኑኑ ልለካቸው፣ መለኪያው እዚያ ማዶ ነው፣ ሮጬ ላምጣው። ዛሬውኑም ሐኪም ይያቸው።»

«ቀጠሯችን የፊታችን ሰኞ ነው።»

«ሰኞ ሩቅ ነው።»

«እሷ የተኛች ሰው ናት፣ የገበያ ዕቃ አይደለችም፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የሚያያት! ቁልፍሽ አልቋል፤ ውሰጂ።»

ልጅቱ ጋውኗን ተቀበለች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እሺ፣ ሌላው ይቅር። የመድኃኒት ቤቱን መዝገብ አይቼ ማታ ከሥራ ስወጣ ብቅ እላለሁ። እስከዚያ ግን እባክዎ፣ ቁርስ ሳይበሉ የስኳሩን እንዳይሰጧቸው።»

ጋሽ ሜትር ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው መኪናቸውን መርገጥ ጀመሩ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ልጅቱ ቃሏን አክብራ ወረቀት ይዛ መንገዱን ስታቋርጥ ሽማግሌው በመስታወቱ አዩአት። ተነሡ፤ በሩን ቆለፉ፤ መጋረጃውንም ሳቡት። አንኳኳች። ከውስጥ በቆሙበት ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ደግማ አንኳኳች። «ጋሼ፣ አሉ?» አለች። እርምጃዋ ሲርቅ ሰምተው፣ ነገሩ አለቀልኝ ብለው ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ያችን ፈገግታ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስታወሷት እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ቢጫዋን፣ ትልቋን ነጭ፣ ትንሿን ነጭና ሰማያዊዋን ቆጥረው በመዳፋቸው ይዘው ወደ ባለቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዋጡ፣ ተመልሰው ጋደም አሉ። ጋሽ ሜትር ቁርስ ሊሠሩ ወደ ጓዳ ሲዞሩ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ከእሱ ጋር ስለ ቁመት ሲነጋገሩ፣ ሲለኩ፣ ምልክት ሲያደርጉ፣ ትንሽ ሲቀልዱም፣ ጊዜው ሄደ። ደንበኛው ከወጣ በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰሙ።

ባለቤታቸው በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ወድቀዋል። የሌሊት ልብሳቸው በላብ ርሶ ከገላቸው ተጣብቋል። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ግን አያይም። ጋሽ ሜትር ስማቸውን ጠሩ፣ ደገሙ፤ መልስ የለም። ጫማ ሳያደርጉ፣ መኪና መጣ አልመጣ ብለው ሳያዩ፣ መንገዱን ተሻግረው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ዘለው ገቡ። «ድረሽልኝ!» ያሉት ለዚያችው በር ለዘጉባት ልጅ ነበር።

ደረሰች። የባለቤታቸውን ጣት ወግታ ስኳራቸውን ለካች። ቁጥሩን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ሽማግሌው በድንጋጤ ስኳር በጥብጠው ወደ ባለቤታቸው አፍ ሲያስጠጉ እጃቸውን ያዘቻቸው። «ተዉ! ራሱን የሳተን ሰው ሊያንቀው ይችላል። ይሄ የሚጠጣው ሰው ነቅቶ መዋጥ ሲችል ነው። አሁን በደም ሥር ነው የሚሰጣቸው፤ አምቡላንስ ተጠርቷል።» ትናንት ጠዋት ቢሆን ኖሮ ያቺ የስኳር ውሃ ትበቃ ነበር።

በሆስፒታሉ መተላለፊያ ሁለቱ በረዥሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቱ ቆርቆሮውን ይዛው መጥታለች፤ ትናንት ያዘጋጀችውንም ወረቀት። ትንሿን ነጭና ሰማያዊዋን አውጥታ በመዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሰማያዊዋ አልተጨመረችም። ነጯ ከገበያ ስትጠፋ በእሷ ምትክ የመጣች ናት። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው።»

ሽማግሌው ሁለቱን ክኒኖች ለረዥም ጊዜ አዩ። «ታዲያ እኔ ሁለቱንም...»

«የድሮው ተርፎዎት ስለነበር ነው።»

«አዎ። ክርም ሆነ መድኃኒት ሳያልቅብኝ ነው የማመጣው። ጎበዝ ነኝ ብዬ» አሉ። «ሰባት ሳምንት ሆነ። በየማለዳው በእጄ አጎረስኳት።»

ድንገት ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩና እንደ እብድ ጮኹ። «እናንተስ! መልኳን ስትለውጡ አንድ ቃል አትናገሩም? በመስኮት ወርውራችሁ ‹ቀጣይ!› ትላላችሁ! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የፋብሪካውን ነገር ከየት ልወቀው?»

«እውነትዎን ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «የሰጠዎት ባልደረባዬ ሊነግርዎት ይገባ ነበር፤ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ‹ይህቺ የድሮዋ ናት፣ መልኳ ብቻ ነው የተለወጠው፣ ቤት ያለውን ሳይጨርሱ ይህን እንዳይጀምሩ› ማለት ነበረበት። አላለም። እኔም ትናንት በሩን ሲዘጉብኝ ተመልሼ መሄድ አልነበረብኝም። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።»

«ጥፋት ሲከፋፈል የሚቀል ይመስልሻል?» አሉ ጋሽ ሜትር። «እኔ ጋ ያለው አልቀነሰም።»

እውነት ነው፤ አይቀንስም። እኛም ይህን የምንጽፈው ማንን እንወቅስ ብለን አይደለም። በየቤቱ ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት የመስኮት ጠርዝ፣ ስንት የጃኬት ኪስ ስም የሌለው ክኒን ይዞ እንደተቀመጠ ስለምናውቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ነገራቸው። ስኳሩ ተስተካክሏል፤ አእምሯቸውም ቀስ በቀስ ይመለሳል። የዳሌ አጥንታቸው ግን ተሰብሯል፤ ልባቸው ደካማ ስለሆነ ቀዶ ጥገናውን አይችሉትም። ከእንግዲህ በእግራቸው መቆማቸው አጠራጣሪ ነው።

ሐኪሙ ሲሄድ ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉት። «አስተምሪኝ» አሉ ልጅቱን። «ካበላሸሁ በኋላም ቢሆን አስተምሪኝ።»

«መጀመሪያ መድኃኒቱ ከነካርቶኑ ይቀመጥ» አለች። «ስሙ፣ መጠኑ፣ የሚያበቃበት ቀን እዚያ ላይ ነው ያለው። ከዚያ አንድ ወረቀት እናዘጋጃለን፤ የእያንዳንዱ መድኃኒት ስም፣ ለምን እንደሚወሰድ፣ ስንት፣ መቼ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። በተዋጠ ቁጥር ምልክት ይደረጋል፤ ወሰድኩ ወይስ አልወሰድኩ እያሉ መጠራጠር አይኖርም።»

«ከተረሳስ? ማታ ላይ ደርቤ ልስጣት?»

«በፍጹም አይደርቡ። ይደውሉና ይጠይቁን። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ደግሞ ቤት ያለውን ሁሉ በከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ ከሱቅ የተገዛውንም፣ ጎረቤት የሰጠውንም።»

«የጎረቤቱ ደግሞ ምን አደረገ? ደግ ሰው ነው የሚሰጠኝ።»

«ደግነቱን ይቀበሉ፣ ክኒኑን ይመልሱ። የእሱ በሽታና የእትዬ በሽታ ስሙ አንድ ቢሆንም ልኩ አንድ አይደለም። እርስዎ የአንዱን ሱሪ ለሌላው አያለብሱም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህቺን ምሳሌ ይወዷት ነበር። በዚያን ቀን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልሳቁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትስማማኝም ስትለኝ ላቁመው ይገባ ነበር?»

«በራስዎ ማቆምም አደጋ አለው። ግን ሊሰሟቸው፣ ሰምተውም ሊጠይቁ ይገባ ነበር። መድኃኒቱ የገባው በእትዬ ሆድ ነው፤ ምን እንደሚሰማቸው ከእሳቸው የበለጠ ማንም አያውቅም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸው ወደ ቤት ተመለሱ። የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው ሁሉ ለመድኃኒት ቤቱ ተመልሶ እንዲወገድ ተደርጓል። በቁም ሳጥኑ ላይ ሦስት ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይም ልጅቱ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል። ጋሽ ሜትር ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ አስቀምጠው ይመክሩ ጀመር። «እናትህ መድኃኒት ትወስዳለች? በምን ታስቀምጠዋለች? ካርቶኑን ጥላው እንደሆነ ዛሬውኑ ሂድና እይ። ጽፈህ ከያዝክ አይደገምም፣ አይዘለልም፣ ሐኪሙም ያወቀውን ያክማል። ሰው ሲፈዝና ሲወድቅ እርጅና ነው ብለህ አትለፈው፤ መጀመሪያ የሚውጠውን እይ። መልኩ ከተለወጠ ሳታፍር ጠይቅ። እኔ በአንድ ጥያቄ የሚድን ሰው ነው ያጣሁት።» ደንበኞቹ ግራ ይጋቡ ነበር፤ ባለቤታቸው በሕይወት አሉና። አንዳንዶቹም ሰምተው እቤታቸው ሄደው ያዩ ነበር። አንዲት ሴት የአባቷን የግፊት መድኃኒት በሁለት ስም፣ በሁለት ካርቶን አግኝታ፣ ተመልሳ መጥታ እጃቸውን ስማቸዋለች። ጋሽ ሜትር እጃቸውን ነጠቋት።

መጋረጃው ውስጥ ያለው ነገር ግን በምክር የሚጠገን አልነበረም። የባለቤታቸው አእምሮ እንደ ድሮው ጠራ። ሰው ይለያሉ፤ ልደት ቀን ሳይቀር ያስታውሳሉ። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ሜትር ትራሳቸውን ሲያስተካክሉላቸው፣ ባለቤታቸው በረጋ ድምፅ ጠየቁ።

«እንዴት ሆኜ ነው የወደቅሁት?»

እርጅና ነው ማለት ይችሉ ነበር። ማንም አያጋልጣቸውም፤ ልጅቱም ብትሆን ሳይፈቅዱላት አትናገርም። ነገር ግን ባለቤታቸው የሚውጡትን ማወቅ አለባቸው ብላ ልጅቱ ነግራቸዋለች፤ ያም ቢቀር እነዚያን ዓይኖች እያዩ መዋሸት አልሆነላቸውም። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከነጯና ከሰማያዊዋ ጀምረው፣ የተዘጋውን በር ሳይቀር፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ባለቤታቸው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። አላለቀሱም፣ አልተቆጡምም። ቢቆጡ ምንኛ በተሻለ ነበር።

«አትስማማኝም ብዬህ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ብለሽኝ ነበር።»

«መነጽሬን አቀብለኝ። ወረቀቱንም አንሳልኝ፤ ካርቶኖቹንም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒታቸውን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ስሙን ከካርቶኑ ያነባሉ፣ ከወረቀቱ ያስተያያሉ፣ ይውጣሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ፋርማሲስቷ በየሳምንቱ እየመጣች ወረቀቱን ስታይ፣ በየትኛውም ቤት እንዲህ የተያዘ አላየሁም ትላለች። አንዳንዴ ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ እሽጉን መቅደድ ያቅታቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ጋሽ ሜትር ሊያግዙ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«ተው» አሏቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩአቸው። «አንተ ውሃውን ያዝ።»

በየማለዳው አልጋው አጠገብ ብርጭቆ ይዘው ይቆማሉ።